ያለ ኦቨን የሚሠራ የአይብና የፍራፍሬ ቺዝኬክ

ቺዝኬክ በስሙ ኬክ ይባል እንጂ ከኬክ ቤት ኬክ ጋር የሚያመሳስለው ቅርጹና ጣፋጭነቱ ብቻ ነው። እርሾ ወይም ቤኪንግ ፓውደር አይገባበትም፤ ውስጡም በዱቄት ሳይሆን በአይብ የተሞላ ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንቁላል ገብቶበት በኦቨን ይጋገራል፤ አይቡን አንድ ላይ የሚይዘውም በሙቀት የሚረጋው እንቁላል ነው። ሁለተኛው ሳይጋገር ይሠራል። እንቁላል የለበትም፤ ቅርጹን የሚጠብቀው ሲቀዘቅዝ የሚጠነክረው ቅባትና ጀላቲን ነው። በወላይታ ዞን፣ በቦምቤ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ በአረካና በወላይታ ሶዶም ጭምር፣ የብዙ ቤት ምግብ የሚበስለው በማገዶ፣ በከሰል ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ስለሆነ ሁለተኛው ዓይነት ለእነዚህ ቤቶች ይበልጥ ይስማማል። ወተቱ፣ ቅቤው፣ ማንጎው፣ ሎሚውና ዝንጅብሉ ከአካባቢው ይገኛሉ። ከሱቅ የሚገዙት በዋናነት ስኳር፣ ብስኩትና ጀላቲን ናቸው።

አይብን ከጣፋጭ ጋር ማዋሃድ የቆየ ልማድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ካቶ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከአይብ፣ ከዱቄትና ከማር የሚሠራ ምግብ ተመዝግቧል። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ቺዝኬክ ግን ከአሜሪካ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 አካባቢ በኒውዮርክ ግዛት፣ ቼስተር በተባለች ከተማ፣ ዊልያም ሎውረንስ የተባለ የወተት ሥራ ነጋዴ ስልባቦት የበዛበት ለስላሳ አይብ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ይህ ክሬም ቺዝ የሚባለው አይብ በ1880 ፊላደልፊያ የሚል የንግድ ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር የሚጻፉት አብዛኞቹ የቺዝኬክ አሠራሮች የሚነሱት ከእሱ ነው። ክሬም ቺዝ በአዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ቢገኝም ውድ ነው፤ ከሶዶ አልፎ ቦምቤ ድረስ ፍለጋውም አድካሚ ነው። አይብ በሞላበት አገር እሱን መፈለግም አያስፈልግም።

ይሁንና አይብና ክሬም ቺዝ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ያልተረዳ ሰው የሚሠራው ኬክ አሸዋ አሸዋ ይላል። በአሜሪካ ሕግ ክሬም ቺዝ ቢያንስ 33 በመቶ ቅባት ሊኖረው፣ ውሃው ደግሞ ከ55 በመቶ ሊበልጥ አይገባም። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ የገጠር የወተት አሠራርን አጥንቶ እንዳሰፈረው ደግሞ አይብ 79 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ ወደ 15 በመቶ፣ ቅባቱ ግን ከ2 በመቶ በታች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ነው፤ ቅባቱ አስቀድሞ በቅቤ መልክ ተለይቷል። ስለዚህ ከአይብ ቺዝኬክ ለመሥራት ሦስት ነገር መደረግ አለበት፦ ትርፍ ውሃው መንጠፍ፣ ጥሬ ጥሬው መድቀቅ፣ የጎደለውም ቅባት መመለስ።

በወላይታ ወተት በየቤቱ ይረጋል፣ ይናጣል። በመስከረም የሚከበረው የዘመን መለወጫ በዓል ጊፋታ ሲቃረብ ወንዶች ለሰንጋ መግዣ፣ ሴቶች ደግሞ ለቅቤ አስቀድመው የመቆጠብ ልማድ አላቸው። ቅቤ በወጣበት ቤት ሁሉ አሬራ ይተርፋል። አሬራው በድስት ሆኖ በዝግታ እሳት ላይ ሲሞቅ ፕሮቲኑ እየተሰበሰበ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ አጓቱም አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ከሥር ይለያል። በኢልካ ጥናት መሠረት ሙቀቱ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ቢለዋወጥም በአይቡ መጠንና ይዘት ላይ የጎላ ለውጥ አያመጣም። 1 ኪሎ ግራም አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል። ሙቀቱ በጣም ከፍ ሲል ግን ጥሬው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ይህ ለጎመን የማይከፋ ሲሆን ለኬክ ችግር ነው።

ለጤና ሲታሰብ ግን ሙቀቱ ማነስ የለበትም። ካልፈላ ወተት የተሠራ ምግብ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ኬኩ ደግሞ በኦቨን ስለማያልፍ በመጨረሻ የሚያጠራው እሳት የለም። የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሐዋሳ ገበያ የተሰበሰቡ የአይብ ናሙናዎች ብዙ ባክቴሪያና እርሾ እንደተገኘባቸው አሳይተዋል። አይብ ኮምጣጣ መሆኑ አንዳንድ ተሕዋስያንን ቢገታም ሁሉንም አያጠፋም። ወተትን ለማጥራት በ63 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ ማቆየት ወይም በ72 ዲግሪ 15 ሰከንድ ማሞቅ ይበቃል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ማፍላት የሚታመነው መንገድ ነው።

በዚህ ምክንያት ለቺዝኬክ የሚመረጠው አይብ ቅቤው ካልወጣ ትኩስ ወተት፣ በሎሚ የሚሠራው ነው። ይህ አሠራር ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል፦ ወተቱ ይፈላል፣ ቅባቱም እዚያው አይቡ ውስጥ ይቀራል። የአገር ላም ወተት ደግሞ መጠኑ ቢያንስም ቅባቱ ከፈረንጅ ላም ወተት ስለሚበልጥ አይቡ ለስለስ ይላል። 3 ሊትር ወተት ይፈላና ከእሳት ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ሰከን ካለ በኋላ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ በሾርባ ማንኪያ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ለ1 ሊትር ወተት 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃዋል። ማማሰያው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ አብዝቶ ማማሰል ጥሬውን ያደቀውና ከአጓቱ ጋር ያስኬደዋል። አጓቱ ጥርት ብሎ ከታየ ሎሚ መጨመር ይቆማል። ወተቱ እንደ ነጭ ውሃ ደፍርሶ ከቀረ ግን ሎሚው ስላነሰ አንድ ማንኪያ ይታከላል።

የገበያ አይብ መጠቀም ግድ ከሆነ መጀመሪያ ይሸተታል፣ ይቀመሳል። በኮባ ተጠቅልሎ የሚሸጠው አይብ አንዳንዴ ጤና አዳም ወይም ሌላ ቅመም አለበት፤ እንዲህ ያለው ለጎመን እንጂ ለኬክ አይሆንም። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ የመታጠን ልማድ ስላለም አይቡ የጭስ ሽታ ሊይዝ ይችላል። ጭሱ ለዘብ ያለ ከሆነ ከማንጎ ጋር ያምራል፤ ከበረታ ግን ፍሬውን ይጫነዋል። ከዚያ አይቡ በሳህን ሆኖ በፈላ ውሃ ድስት ላይ ይቀመጥና መካከሉ ድረስ በደንብ እስኪተን እየተማሰለ ለ30 ደቂቃ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያም ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ ቢጠነክርም በኋላ ስለሚደቅ አያሳስብም።

ማንጠፉ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ኬኩ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ታጥቦና ተቀቅሎ የደረቀ ስስ ነጭ ጨርቅ በወንፊት ላይ ተዘርግቶ አይቡ ይገለበጥበታል። የጨርቁ አራት ማዕዘን ተሰብስቦ ይታሰርና ለ1 ሰዓት ያህል ይንጠለጠላል። በድንጋይ መጫን አያስፈልግም፤ ከመጠን በላይ የደረቀ አይብ ተመልሶ አይለሰልስም። ተቆርሶ በጣት ሲጫኑት ሳይፈርስ የሚለጠጥ፣ ጠብታ የማይወጣው አይብ ደርሷል። ከ3 ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ያህል ይገኛል። የተጠራቀመው አጓት አይደፋም፤ ዳቦ ይቦካበታል፤ ሁለት ሦስት ማንኪያው ደግሞ አይቡ ሲደቅ ለማለስለሻ ይቀመጣል።

ከዚያ መድቀቅ ይከተላል። ብሌንደር ካለ አይቡ ከታች መጠኑ ከሚጠቀሰው ስልባቦት ጋር ሆኖ ለ3 ደቂቃ ያህል ይፈጫል። ከሌለ በደቃቅ ወንፊት ላይ ተደርጎ በማንኪያ ጀርባ እየተጫነ ሁለት ጊዜ ያልፋል። ሥራው ክንድ ያደክማል፤ ውጤቱ ግን ከብሌንደሩ እምብዛም አይለይም። ምላስ ላይ ተደርጎ ምንም ጥሬ ካልተሰማ በቂ ነው።

የኬኩ ወለል አስቀድሞ ይሰናዳል። በተለምዶ የሚሠራው ከተፈጨ ብስኩትና ከቀለጠ ቅቤ ነው። ብስኩት ቀድሞ የተጋገረ ስለሆነ እንደገና እሳት አያስፈልገውም፤ ቅቤው ሲቀዘቅዝ ጠንክሮ ፍርፋሪውን ያያይዘዋል። በኢትዮጵያ ይህንኑ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራ ምግብ አለ፤ እሱም በሶ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ በሶ የበሰለ ዱቄት ነው፤ በቅቤ ተለውሶ ጭብጦ ሆኖ ሲበላም ኖሯል። ያልተቆላ ዱቄት ግን ለዚህ ወለል ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ጥሬ ዱቄት ጣዕሙ ከመክፋቱም በላይ ሆድ የሚያውኩ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። በሶ ብቻውን ሲሆን ወለሉ ጥቅጥቅ ስለሚል ግማሽ በሶ፣ ግማሽ ብስኩት መቀላቀሉ ይመረጣል። 100 ግራም በሶ፣ 100 ግራም በሙቀጫ የተወቀጠ ብስኩት፣ 100 ግራም ቀልጦ የተጠለለ ለጋ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው በአንድነት ይታሻሉ። በእጅ ሲጨብጡት ቅርጽ ከያዘ ቅቤው በቅቷል። በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ የወጥ ቅቤ እዚህ አይገባም፤ የቆየ ቅቤም ሽታው ፍሬውን ስለሚያጠፋው ቅቤው አዲስ መሆን አለበት።

ጎኑ የሚከፈት የኬክ ቅርጽ ማውጫ ከሌለ ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ማንኛውም ክብ ዕቃ ያገለግላል። ሥሩና ዙሪያው በኬክ ወረቀት ይለበጣል። ወረቀት በሌለበት ቤት ኮባ በእሳት ላይ ሽው ተደርጎ ሲለሰልስ፣ ተጠርጎና ተወልውሎ ይነጠፋል፤ ጫፎቹ ወደ ውጭ ተርፈው ከቀሩ ኬኩን አንስቶ ለማውጣትም ይረዳሉ። የተለወሰው በሶና ብስኩት ተደልድሎ በብርጭቆ ቂጥ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።

ጀላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። የአሳማ ተዋጽኦ በማይበላበት ቤት የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ይላል፤ ከከብት የተሠራው ወይም ሐላል የሚል ምልክት ያለበት ይመረጣል። አጠቃቀሙ ቀላል ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አይዛባም። 10 ግራም፣ ማለትም 3 የሻይ ማንኪያ ያህል የጀላቲን ዱቄት በ4 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይበተናል፤ ለ10 ደቂቃ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ሙቅ ውሃ ላይ በቀጥታ ቢበተን ውጪው ብቻ ቀልጦ ውስጡ ይጓጉላል። ያበጠው ጀላቲን በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ይቀልጣል፤ ማፍላት ኃይሉን ይቀንሰዋል።

የሙሌቱ መጠን ይህ ነው፦ ግማሽ ኪሎ የደቀቀ አይብ፣ 200 ሚሊ ሊትር ወይም 1 የውሃ ብርጭቆ ወፍራም ስልባቦት፣ 150 ግራም በደንብ የተፈጨ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ አረንጓዴው ብቻ ተፈቅፍቆ፣ ጥቂት ቫኒላ። ስልባቦቱ ከፈላ ወተት ላይ የተገፈፈ መሆን አለበት። አይቡ ከአሬራ የተሠራ ከሆነ ቅባቱ ትንሽ ስለሆነ 3 የሾርባ ማንኪያ የለሰለሰ ለጋ ቅቤ ይታከልበታል። ሁሉም አንድ እስኪሆን ይመታል። የቀለጠው ጀላቲን በቀጥታ ቀዝቃዛ አይብ ላይ ከተደፋ እንደ ክር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ሙሌት ወደ ጀላቲኑ ገብቶ ይማሰላል፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ወደ ሙሌቱ ይገባል። ሙሌቱ በወለሉ ላይ ፈስሶ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ቀስ ተብሎ መታ መታ ሲደረግ የታፈነው አየር ይወጣል።

አሁን ፍሬው ይቀራል፤ እዚህ ላይ የቦምቤ ጓሮ የራሱ ጥያቄ አለው። ቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከታወቀበት ምርት አንዱ ዝንጅብል ነው። ዝንጅብል ከማንጎ ጋር ሲሆን ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ጥሬው ግን ኬኩን ሊያፈርሰው ይችላል። ውስጡ ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ፤ ጀላቲንም አይብም ፕሮቲን ናቸው። ጥሬ ዝንጅብል የገባበት ጀላቲን ሌሊቱን ሙሉ በፍሪጅ ቢያድርም ላይረጋ ይችላል። ፓፓያም እንዲሁ ነው፤ በተለይ በደንብ ያልበሰለው ፓፓያ ነጭ ወተቱ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ብርቱ ኢንዛይም ይዟል። በአናናስ ውስጥ ያለው ብሮሜሌይን ይባላል። ሥጋ ለማለስለስ ፓፓያ የሚጠቀሙ ባለሙያዎች የሚሠሩት በዚሁ ኃይል ነው። እነዚህ ፍሬዎች ጥሬአቸውን ከአይብ ጋር ሲቆዩ ሌላም ጉዳት አለ፤ የወተቱ ፕሮቲን ሲቆራረጥ ኬኩ ይመራል። መድኃኒቱ እሳት ነው፤ ኢንዛይም በሙቀት ኃይሉን ያጣል። ዝንጅብሉ፣ ፓፓያውና አናናሱ ተቆርጠው ለ5 ደቂቃ ያህል ከተንተከተኩ ያለ ስጋት ይገባሉ። የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ ስለበሰለ ይህን አያስፈልገውም። ሙዝ ጥሬውን ቢገባ ጀላቲኑን አይጎዳም፤ ነገር ግን ቶሎ ይጠቁራል።

ለላዩ የሚመከረው የበሰለ ማንጎ ነው። ክር የሚበዛበት የአገር ማንጎ ከተፈጨ በኋላ በወንፊት ይጠለላል። የ2 መካከለኛ ማንጎ ሥጋ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚና አውራ ጣት የሚያህል የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ለ5 ደቂቃ ይንተከተካሉ። ዝንጅብሉ ተለቅሞ ይወጣል። 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመርና እስኪወፍር ለ1 ደቂቃ ይፈላል። ይህ ማንጎ ሙቅ ሆኖ በአይቡ ላይ ከፈሰሰ ጀላቲኑን ያቀልጠዋል፤ ጀላቲን ከ35 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት እንኳ መላላት ይጀምራል። ስለዚህ ሙሌቱ መጀመሪያ ለ4 ሰዓት በፍሪጅ ይረጋል፤ ማንጎው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በላዩ ይለጠፋል። ቢያድር ደግሞ የተሻለ ይቆረጣል።

አቮካዶ በወላይታ በርካሽ የሚገኝ ቅባት ስለሆነ ስልባቦት ላጣ ቤት ጥሩ ምትክ ነው። አንድ ትልቅ የበሰለ አቮካዶ ከአይቡ ጋር ይፈጫል፤ ሎሚውም ወደ 3 ማንኪያ ከፍ ይላል፤ የአቮካዶን መጥቆር የሚያዘገየው ኮምጣጣው ነው። ቀለሙ ፈዛዛ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከላይ ካለው ቢጫ ማንጎ ጋር ሲታይ ያምራል። በተሠራበት ቀን መበላት ግን አለበት።

ጀላቲን ካልተገኘ ወይም ካልተፈለገ የተጣፈጠ የቆርቆሮ ወተት ይተካዋል። የሎሚው ኮምጣጣነት የዚህን ወፍራም ወተት ፕሮቲን ስለሚያስተሳስረው ያለ እሳት ይረጋል። ለአንድ 400 ግራም ገደማ ለሚሆን ቆርቆሮ 5 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ኪሎው አይብ ይጨመራል፣ ስኳሩና ስልባቦቱ ይቀራሉ። ሲቆረጥ የጀላቲኑን ያህል ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጣዕሙ ግን ምንም አይጎድለውም።

ፍሪጅ በሌለበት ወይም መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ኬኩን ቆራጭ ለማድረግ መታገል አይበጅም። ይልቁንም በጁስ ቤት እንደሚቀርበው ስፕሪስ በብርጭቆ ይደረደራል፦ ከሥር የበሶውና የብስኩቱ ፍርፋሪ፣ ከዚያ አይቡ፣ ከላይ ማንጎው። ብርጭቆው ራሱ ስለሚይዘው ጀላቲን አያስፈልግም፤ መርጋትም አይጠበቅበትም። ብርጭቆዎቹ ተከድነው በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣሉ። የሚሠራውም ለዚያው ሰዓት የሚበቃው ያህል ብቻ ነው።

የፕሮቴስታንት ምእመናን በሚበዙበት በወላይታ አይብ በብዙ ቤት ዓመቱን ሙሉ ይበላል። በኦርቶዶክስ ቤቶች ግን ረቡዕ፣ ዓርብና አጽዋማቱ ስለሚታለፉ ኬኩ ለፍስክ ቀን ይታሰባል፤ እንግዳ የሚጠራ ሰውም ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ደግ ነው።

የረጋው ኬክ በሙቅ ውሃ ተነክሮ በተወለወለ ስል ቢላ ይቆረጣል፤ ቢላው ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ይጠረጋል። በፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ለ3 ቀን ይቆያል። በረዶ ቤት ውስጥ ማስገባት አይመከርም፤ ሲቀልጥ አይቡ ውሃ ያወጣል፣ ጥሬውም ይመለሳል። ገበታ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ቁራጭ፣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር፣ ተመልሶ አይቀርብም።